የመጀመሪያው ለቤት ልጅ ነው

«በዚያች ልጅ ግንባር ቅባት እኮ ሙዝ ይጠበሳል!» አለች እትዬ ሊስና ከመጋረጃው ወዲያ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት። «እንግዶቹ እስኪሄዱ ብቅ እንዳትል ንገሪያት። ፊቷን ያየ ሰው የኛን ዕቃ ይገዛል? እስቲ አንቺ ብትሆኚ ትገዣለሽ?»

የተጠየቀችው ኢንታን ናት፤ ከመስታወቱ ባንኮኒ ኋላ የምትቆመው ሻጭ። ምን ብላ እንደመለሰች አልተሰማም። ምናልባት ፈገግ ብላ አለፈችው፤ ለአሠሪ ፈገግ ማለትም ከሥራው አንዱ ነውና። ከመጋረጃው ወዲህ፣ በካርቶን ክምር መካከል ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ የተቀመጠችው ራውዳህ ግን እያንዳንዱን ቃል ሰምታለች። በግራ እጇ ብልቃጥ፣ በቀኝ እጇ ሙጫ የተቀባ ወረቀት እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ወረቀቱ ላይ ታንኳ የምትቀዝፍ ሴት ተስላለች፤ ከሥሯ «የወንዝ እናት፤ ቅባታም ፊትን በሰባት ቀን የሚያጠራ» ተብሎ ተጽፏል። ራውዳህ ከጧት እስከ ማታ የምትለጥፈው ይህንኑ ነው። ሰው የራሱን ስድብ በገዛ እጁ ብልቃጥ ላይ ሲለጥፍ ይውላል ቢባል ማን ያምናል? እሷ ግን ትለጥፋለች፤ ሳይጣመም፣ ሳይጨማደድ። እጇ ቀና ነው ብላ እትዬ ሊስና ራሷ አመስግናታለች። እጇን እንጂ ፊቷን ያመሰገነላት የለም።

ዛሬ ሱቁ በአዲስ መልክ የሚመረቅበት ቀን ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ክፍል ማሽን ያቀዘቅዘዋል፤ ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ የሚያንጸባርቅ፣ ጥግ ጥጉን አቧራ የማያውቃቸው የላስቲክ ቅጠሎች ቆመውበታል። ከመጋረጃው ወዲህ ያለው ዕቃ ቤት ግን ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መስኮት የለውም። አንዲት ክንፏ የተሰበረ ማራገቢያ እያንቋረረች የሙጫውን ሽታ ከወዲያ ወዲህ ታንከራትተዋለች። ለቅባታም ፊት ከዚህ የባሰ ጠላት የለም። ሙቀቱ ቅባቱን ያወጣዋል፤ ቅባቱ ደግሞ ልጅቱን መልሶ ወደ ሙቀቱ ያስገባታል። ይህን ነገር ያሰበበት ሰው ባይኖርም፣ ራውዳህ አስባበታለች፤ ለማሰብ ጊዜ ሞልቷታል። ስትቀጠር «ለጊዜው ከኋላ ትሆኛለሽ፤ ፊትሽ ሲጠራ ወደ ባንኮኒው ትወጫለሽ» ተብላ ነበር። ዝናቡ መጥቶ ሄደ፤ በየዓመቱ የሚመጣው የደን ቃጠሎ ጭስ ከተማውን አፍኖ ሄደ፤ እሷ ካርቶኖቹ መሀል ናት። እትዬ ሊስና በስጦታ የሰጠቻት ማጠቢያ ፊቷን ለጥቂት ቀን እንደ ደረቅ ቅጠል አንከሻከሸውና መልሶ ከበፊቱ የባሰ ቅባት አወጣበት። «አጠቃቀሙን አላወቅሽበትም» ተባለች።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። የከፋው ራውዳህ ለእናቷ የነገረቻት ነው። በተቀጠረች ሰሞን እናቷ «የት ጋ ነው የምትቆሚው?» ብላ ስትጠይቃት፣ አፏ ቀደማትና «ባንኮኒው ጋ» አለች። አንዴ ከአፍ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ውሸቱን ማልበስ ነበረባት፤ የባንኮኒ ሴቶች የሚለብሱትን ዓይነት አረንጓዴ ጨርቅ ገበያ ፈልጋ፣ በጎረቤት መኪና ሰፍታ፣ በየጧቱ አረንጓዴ ሸሚዝ ከነጭ ሻሽ ጋር ለብሳ ከቤት ትወጣለች። ሱቁ ጓሮ በር ስትደርስ ሸሚዙን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፤ ግራጫውን ሽርጥ ታጠልቃለች። እናቷ የጀልባው መሳፈሪያ ላይ ቆማ «አረንጓዴ እንዴት ያምርብሻል!» እያለች ስትሸኛት፣ ራውዳህ ወደ ውሃው ታያለች። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል፤ የዛሬው ጉድ ግን በፊት ለፊቱ በር ነው የሚገባው። ዛሬ እናቷ ወደ ሱቁ ትመጣለች፤ እንግዶቹ ፊት ፑፑር እንድትፈጭ እትዬ ሊስና ራሷ ጠርታታለች።

እናቷ ማስቱራ ፑፑር መሥራት የጀመረችው ልጅ ሳለች ነው። ፑፑር ኩዊን ወንዝ ዳር ያሉ ሴቶች ፀሐይ ላይ ሲወጡ ፊታቸውን የሚቀቡት ነጣ ያለ ቅብ ነው። ሩዙን በጣት ሲነኩት እስኪፈርስ ድረስ ትዘፈዝፈዋለች፤ ውሃውን ሳትሰለች ትቀይራለች፤ ከዚያ የእርድ ዘመድ ከሆነው ከተሙ ጊሪንግ ሥርና ከፓንዳን ቅጠል ጋር በድንጋይ ትፈጨዋለች። ሥሩ ቅባት ይመጥጣል፣ ቅጠሉ ሽታ ይሰጣል፣ ሩዙ ያቀዘቅዛል። በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ወንዙ ላይ በሚቆመው የታንኳ ገበያ አንዱን በአምስት ሺህ ሩፒያ ትሸጠዋለች፤ የዚያኑ ግማሽ የሚሆነው በብልቃጥ ሆኖ እዚህ መደርደሪያ ላይ ዘጠና አምስት ሺህ ይባላል። ማስቱራ ይህን ስትሰማ አልተቆጣችም፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ብልቃጡን ነው የሚገዙት፣ ብልቃጡ ያምራላ!» አለች። እናትና ልጅ የሚጣሉበት አንድ ጉዳይ ቢኖር የድንጋዩ የመጀመሪያ የሚባለው ነው። ከእያንዳንዱ ፍጭ የመጀመሪያው ለቤት ልጅ ነው፤ ለባዳ አይቀባም፣ አይሸጥም። ገበያ ላይ የምታውቅ ገዢ እጇን ወደ ኪሷ ከመስደዷ በፊት «ልጅሽ የታለች?» ብላ ትጠይቃለች፤ የልጅቱ ፊት ላይ ፑፑሩን ካላየች ወደሚቀጥለው ታንኳ ታልፋለች። በገዛ ልጅሽ ላይ ያልደፈርሽውን በኔ ላይ ልትሞክሪ ነው? ነው ነገሩ። ስለዚህ ራውዳህ ቸኮለችም አልቸኮለችም፣ እናቷ ድንጋዩ ላይ የቀረበች ዕለት አፍንጫዋንና ግንባሯን ሳታስቀባ ከደጅ አትወጣም። ከዚያም ጀልባው ከታጠፈ በኋላ በመሀረብ ትጠርገዋለች።

ኢንታን ውሃ ለመጠጣት ወደ ዕቃ ቤቱ ስትገባ ራውዳህ ክንዷን ያዘቻት።

«እማዬ ከጠየቀችሽ፣ ዕቃ ለማድረስ ማዶ ተልካለች በያት።»

«አንቺ! እናትን የሚያህል ነገር?» ኢንታን መጋረጃውን ዞር ብላ አየች። «ደግሞስ ሰምተሻል አይደል፣ ቅድም ያለችውን?»

«አልሰማሁም።»

«ሰምተሻል። እኔ እኮ ምንም አላልኳትም፣ ራውዳህ። በእናቴ ሞት ምንም አላልኳትም።»

«እሱን ነው የሰማሁት» አለች ራውዳህ፣ እና ወደ ብልቃጦቿ ተመለሰች። ኢንታን ብርጭቆውን ይዛ ጥቂት ቆመች። ደህና ልጅ ናት፤ ክፋት የላትም። ፊቷ እንደ እንቁላል ለስላሳ ሆኖ መፈጠሩ የሷ ጥፋት አይደለም። ብቻ በዚህ ሱቅ ውስጥ ደህና ልጅ መሆን ለማንም ምንም ፈይዶ አያውቅም። «እሺ፣ እላታለሁ» ብላ ወጣች።

እናቷ የመጣችው ከጋሽ ሻህራኒ ጋር ነው፤ የሰፈሩ የሞተር ጀልባ ነጂ፣ ድንጋዩን በጫንቃው ተሸክሞላት። ራውዳህ በመጋረጃው ቀዳዳ አየቻቸው። ማስቱራ የበዓል ልብሷን ለብሳለች፤ ፊቷን እንደ ልማዷ በፑፑር አንጥታለች፤ ሰፊውን የዘንባባ ቆቧን በእጇ ይዛ፣ የሚያንጸባርቀው ወለል እንዳያዳልጣት እየፈራች በጣቶቿ ጫፍ ትራመዳለች። ጋሽ ሻህራኒ ድንጋዩን አውርዶ ወገቡን ያዘና «ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው እንዴ የምትሠሩት? ዓሣ ብትሸጡ ይሻላችሁ ነበር» አለ። ማንም አልሳቀም። እትዬ ሊስና ወፍራም ሽቶዋን እያስቀደመች መጥታ ማስቱራን ሁለት ጉንጯን ሳመቻት፤ ፑፑሩ እንዳይነካት ግን በአየር ላይ ነው የሳመችው። ከዚያ ወደተዘጋጀላት ስፍራ ወሰደቻት። ወለሉ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ወንዝ ሆኖ ተነጥፏል፤ በካርቶን የተሠራ የታንኳ አፍንጫ ከጎኑ ቆሟል። «እዚህ ቁጭ ይበሉ፣ እማማ። ቆቡን ያጥልቁት። እንደሱ አይደለም፣ ትንሽ ዘንበል። ሲፈጩ ደግሞ ቀስ እያሉ፣ እንዲህ፣ እንዲህ…» አለች፣ ቀለም የተቀባ ጥፍሯን በአየር ላይ እያሽከረከረች። ልጅ እናቷን ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው። ማስቱራ ቤት ውስጥ ቆብ ማድረጉ ግራ ቢገባትም አጠለቀችው። ካርቶኑን ታንኳ በጣቷ መታ መታ አደረገችውና «ይሄ እንኳ ያሰጥማል» አለች። ከዚያ ቀና ብላ ባንኮኒውን አየች።

«ልጄስ?»

«ማዶ ዕቃ ልታደርስ ተልካለች፣ እማማ» አለች ኢንታን፣ ባንኮኒውን እየወለወለች።

«ዛሬ? እኔ በምመጣበት ቀን?»

«አስቸኳይ ሆኖ ነው።»

ማስቱራ ራሷን ነቀነቀች። ከጉያዋ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አውጥታ፣ የሚያኖርበት ስታጣ፣ ድንጋዩ ሥር አስቀመጠችው። ራውዳህ ምን እንደሆነ ከሩቅ አወቀችው፤ ልጄ ቆማ ስትውል ይርባታል ብላ ያመጣችላት በኮኮናት የተቀቀለ የሩዝ ቂጣ ነው። ያን ጊዜ መጋረጃውን ገልጣ ልትወጣ ቃጣት። ግን የመጋረጃውን ጫፍ መልሳ ለቀቀችው። ብትወጣ ግራጫውን ሽርጥ ልታያት ነው፤ ብትወጣ ሥራዋ ሊቀር ነው፤ ብትወጣ የዚያ ሁሉ ጧት አረንጓዴ ሸሚዝ ውሸትነቱ ሊወጣ ነው። ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና ሙጫ ነካች። ያለምክንያት አንዱን ብልቃጥ ሁለቴ ለጠፈችው።

እንግዶቹ ገቡ። የነጋዴ ሚስቶች፣ የቢሮ ሴቶች፣ ፊታቸውን በስልካቸው መነጽር አማካይነት ብቻ የሚያምኑ ወጣቶች፤ እጃቸው ላይ የኬክ ሣጥን ተሰጣቸው። «አየሩ እንዴት ነው፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ አንቺ እንዴት ነው የከሳሽው» ተባባሉ። እትዬ ሊስና የድምፅ ማጉያውን ይዛ ስለ ተፈጥሮ ተናገረች። ስለ አያቶች ጥበብ ተናገረች። ስለ ወንዙ ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ፤ መቼም ቤቷ ከወንዙ ርቆ፣ ጎርፍ የማይደርስበት ሰፈር ነው። ማስቱራ መፍጨት ጀመረች። መጁ ድንጋዩ ላይ ሲዞር የሚሰማው ሹክሹክታ ሱቁን ሞላው፤ የሥሩ ምሬትና የፓንዳኑ ጣፋጭ ሽታ በመጋረጃው ሥር ሾልኮ የሙጫውን ሽታ አሸነፈው። ስልኮቹ ሁሉ ወደሷ ዞሩ። «አይ ስታሳዝን!» አለች አንዷ። «አይ ስታምር!» አለች ሌላዋ። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ማስቱራም አላወቀችም፤ ብቻ ፈጨች።

«አሁን ደግሞ» አለች እትዬ ሊስና፣ «እማማ በገዛ እጃቸው የኛን ኢንታንን ይቀቡልናል!» ኢንታን ሻሿን አስተካክላ ሰማያዊው ጨርቅ ላይ ተንበረከከች። ጭብጨባ ሆነ። ማስቱራ ግን እጆቿን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረቻቸው።

«ይቀቧት እንጂ፣ እማማ።»

«አልችልም፣ ልጄ።»

«እንዴት?»

«የመጀመሪያው ነዋ። የመጀመሪያው ለቤት ልጅ ነው።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች የማለት ያህል ነው የተናገረችው። «ልጄ ማዶ ተልካለች አላችሁኝ። ትምጣ፣ እሷን ልቀባ፣ ከዚያ ይቺን የመሰለች ልጅ ለምን አልቀባም?»

እትዬ ሊስና ሳቀች፤ ለእንግዶቹ። «እንዴት ደስ የሚል ባህል ነው!» አለች። ከዚያ ዝቅ ብላ፣ ማጉያውን በመዳፏ ሸፍና «ለፎቶ ነው እኮ፣ እማማ፤ ትንሽ ነካ ያድርጓት» አለች። ማስቱራ ራሷን ነቀነቀች። ከእንግዶቹ መካከል አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ የወንዝ ዳር ልጅ መሆኗ ከአነጋገሯ የሚታወቅ፣ «እውነቷን ነው! እናቴም ሳታይ አትገዛም ነበር። ልጅቷ የታለች?» ብላ ጮኸች። ሌሎቹም ተቀበሏት። «ልጅቷ ትምጣ!» ጨዋታ መስሏቸዋል። ማስቱራ ደግሞ አቀማመጧን አመቻችታ፣ እስከ ማታም ቢሆን የምትጠብቅ ሰው ሆነች። ድንጋዩ ላይ ያለው ፑፑር ጠርዝ ጠርዙ መድረቅ ጀመረ። ማጉያው ከእትዬ ሊስና እጅ ላይ ያለሥራ ተንጠለጠለ።

መጋረጃው ተገለጠ። እትዬ ሊስና ላቧ ሽቶዋን አሸንፎታል።

«እናትሽ ገደለችኝ! ተነሺ፣ ውጪ። ቆይ፣ በዚህ ሽርጥ አይሆንም። አምላኬ፣ ምን ላልብስሽ?»

ራውዳህ ቦርሳዋን ከፈተችና አረንጓዴውን ሸሚዝ አወጣች። እትዬ ሊስና ሸሚዙን አየች፤ ልክ የባንኮኒው ነው፤ አንገቱም፣ ቁልፉም።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ሰፍቼው።»

ይህችን አንዲት ቃል የሰማ፣ ሆድ ያለው ሰው፣ ለአፍታ እንኳ ዝም ይላል። እትዬ ሊስናም ዝም አለች። ራውዳህ በዚያች ዝምታ ውስጥ ደህና ቃል የጠበቀች ይመስል ቀና ብላ አየቻት። «ጥሩ» አለች እትዬ ሊስና፣ «ቶሎ በይ። ደግሞ ስትቀመጪ ጀርባሽን ለስልኮቹ ስጪ፤ እስክትቀቢ ድረስ ፊትሽን እንዳያነሱት።»

ወጣች። ብርዱ ፊቷ ላይ ያረፈው እንደ እርጥብ ፎጣ ነው። እናቷ ስታያት ፊቷ በራ፤ ከዚያ ዓይኗ ከልጇ ፊት ወደ ክርኗ ወረደ። ራውዳህም አየችው። ክርኗ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ የወንዝ እናት፣ ቅባታም ፊትን በሰባት ቀን። ጣቶቿ በሙጫ ነጥተዋል። ማስቱራ መጋረጃውን አየች፣ አሁንም የሚወዛወዘውን፤ ባንኮኒውን አየች፤ ኢንታንን አየች። ኢንታን ወደ ወለሉ አቀረቀረች። ከማዶ ለመምጣት ድልድይ መሻገር ያስፈልጋል፤ ልጅቱ ግን የወጣችው ከመጋረጃው ኋላ ነው። ማስቱራ የልጇ ክርን ላይ ያለውን ወረቀት በጥፍሯ ቀስ አድርጋ ላጠችውና ጠቅልላ ጨበጠችው። ከዚያ በሦስት ጣቶቿ ከድንጋዩ ጠቅሳ የልጇን ግንባር ቀባች፣ አፍንጫዋን ቀባች፣ ጉንጮቿን ቀባች፤ እንደ ማንኛውም ጧት፣ ምናልባት ትንሽ ጠንከር አድርጋ። ራውዳህ ዓይኗን ጨፈነች። ቅቡ ቀዝቃዛ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ግንባሯ ላይ ያለው ቃጠሎ ሁሉ ድንገት ተወት አደረጋት።

«ተመልከቱ!» ጮኸ ማጉያው። «ችግር ያለበት ፊት ማለት ይህን የመሰለ ነው። ይህች ልጅ ዛሬ ጀመረች። በሰባት ቀን ውስጥ» እትዬ ሊስና እጇን ወደ ኢንታን ዘረጋች፣ «እንደዚህች ትሆናለች!»

ሰው አጨበጨበ። ራውዳህ ዓይኗን ገለጠች። እናቷ መጁን እንደያዘች እትዬ ሊስናን ሽቅብ ታያታለች።

«ዛሬ አይደለም የጀመረችው» አለች ማስቱራ። «እትብቷ ሳይደርቅ ጀምሬ እቀባታለሁ።»

ሳቅ ሆነ፣ ትንሽ፣ ግራ የተጋባ። እትዬ ሊስናም ሳቀችና ጎንበስ ብላ፣ ትከሻዋን አቅፋ፣ ለራውዳህ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «በጣም አሪፍ ነው የሆነው» አለቻት። «ከነገ ጀምሮ ባንኮኒው ጋ ነሽ። ይህን ተቀብተሽ ትመጫለሽ፤ ቀኑን ሙሉ እንዳታነሺው። እንዲህ ሲሸፈን እኮ ታምሪያለሽ።»

ይኸው፣ ያ ሁሉ ጊዜ የተመኘችው ነገር መጣላት። ባንኮኒው፣ ቀዝቃዛው ክፍል፣ እውነተኛው አረንጓዴ ሸሚዝ። ለእናቷም ውሸቷ ከነገ ጀምሮ እውነት ይሆንላታል። አዎን ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። ራውዳህ «እሺ» ለማለት አፏን ከፈተች፤ ያን ጊዜ ከንፈሯ ዳር የደረቀው ፑፑር ተሰነጠቀና ፍርፋሪው አረንጓዴው ሸሚዝ ላይ ወደቀ። ፑፑር ቅባት ባለበት አይረጋም፤ ይመጥጥና ይረግፋል፤ ያ ነው ሥራው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ፊት የሚደብቅ መጋረጃ አይደለም። መጋረጃ ደግሞ ይበቃታል። ሙዙም፣ በርጩማውም፣ የቦርሳው ሸሚዝም ይበቃታል። ከጎኗ፣ ለጌጥ አበባ የተበተነበት የመስታወት ሳህን ውሃ ተቀምጧል። ጎንበስ አለችና እጇን ከነአበባው ነከረች። ታጠበች፣ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ ጉንጮቿን፤ ውሃው ነጣ። በአረንጓዴው እጅጌ ፊቷን ጠረገችና ወደ ስልኮቹ ዞረች።

«ዛሬ አልጀመርኩም» አለች። «እዚሁ ነው የምሠራው። ከዚያ መጋረጃ ኋላ። ይህን ‹በሰባት ቀን› የሚለውን የምለጥፈው እኔ ነኝ። ፊቴን ያየ ሰው አይገዛም ተብሎ ነው የተደበቅኩት። እማ፣ ዋሽቼሻለሁ፤ ባንኮኒው ጋ ቆሜ አላውቅም።»

እትዬ ሊስና ወደ አንዱ ጥግ እጇን አወናጨፈች፤ ሙዚቃ ይከፈት ማለቷ ነው፤ የከፈተ ግን የለም። ማስቱራ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ቆቧን አውልቃ ካርቶኑ ታንኳ ላይ ሰቀለችው፤ ታንኳው ወደቀ። ከዚያ ሳህኑ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ልጇ ባደፈረሰችው ውሃ፣ የራሷን ፊት ታጠበች። ፑፑሩ በአገጯ ወረደ፤ ከሥሩ የወጣው ፊት በመብራቱ ያብለጨልጫል፤ ግንባሩ ቅባታም፣ ጉንጩ በድሮ ብጉር የተበሳሳ፣ አፍንጫው ሰፊና የሚያበራ። የራውዳህ ፊት፣ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ። ኢንታን እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይኸውላችሁ» አለች ማስቱራ። «የሷ ፊት ከዚህ ነው የወጣው። ይህንንም ደብቁታ። ወረቀታችሁ ላይ የሣላችሁት እኮ ይህንን ነው።»

ወፍራሟ ሴትዮ የኬክ ሣጥኗን አስቀመጠች። «እና… በሰባት ቀን የሚባለውስ?»

«ሰባት ቀን?» ማስቱራ የጨበጠችውን ወረቀት ዘርግታ፣ ማንበብ ባትችልም፣ አየችው። «እኔ ከጡት ከወረድኩ ጀምሮ ተቀባሁት። ፀሐይ ይመልሳል። ቅባት ይመጥጣል። ደስ ይላል፣ ያቀዘቅዛል። ፊት ግን አይቀይርም። ፊት የሚቀይር ፑፑር ካለ እኔ አልፈጨሁትም።» ወረቀቱን ለእትዬ ሊስና ሰጠቻት፤ ያቺም ሳታስበው ተቀበለች። «ልጄን ለምን ደበቅሽብኝ? እኔ ሰው መስለሽኝ ነው ልጄን የሰጠሁሽ።»

እትዬ ሊስና ብዙ የምትመልሰው ነገር ነበራት፤ ስለ ገበያ፣ ስለ ደንበኛ ፍላጎት፣ ለኩዊን ሴቶች ስለከፈተችው የሥራ ዕድል። ሁሉንም በአንድ ላይ ልትናገር ስትሞክር «እማማ፣ እንግዶች አሉ እኮ» ብቻ ወጣ። ማስቱራ ቂጣውን አነሳች። ጋሽ ሻህራኒ ድንጋዩን ከነፑፑሩ ተሸከመ። ራውዳህ በልማዷ ወደ ጓሮ በር ስትዞር እናቷ ክንዷን ያዘችና «በዚህ» አለቻት፤ በፊት ለፊቱ፣ በመስታወቱ በር፣ በእንግዶቹ መካከል። መንገድ ለቀቁላቸው። ስልክ ያነሳ አልነበረም፤ ወይም ከነበረ ራውዳህ አላየችውም።

ጀልባው ላይ ተሳፈሩ። ወንዙ ቡናማ ነው፣ ፀሐዩ ከአናት በላይ ነው፤ አጣቢዎች ከየቤቱ መውረጃ መሰላል ሥር ልብስ ያንቦጫርቃሉ። ማስቱራ ቂጣውን ለሦስት ቆረሰችው። ራውዳህ ወቀሳውን ጠበቀች፤ «ለምን ዋሸሽኝ» የሚለውን። እናቷ ግን የአረንጓዴውን ሸሚዝ እጅጌ ገልበጥ አድርጋ ስፌቱን መረመረችና «አንቺ ነሽ የሰፋሽው?» አለች።

«አዎ።»

«ስፌቱ ጥሩ ነው» አለችና ወደ ውሃው ዞረች። ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ስትጠርግ ራውዳህ አላየሁም ብላ ቂጣዋን በላች። ሥራ የለም። ነገ ጧት ጀልባ የምትሳፈርበት ምክንያት የለም። በዚህ ልትፈራ ይገባት ነበር፤ ፈርታለችም፤ ግን ግንባሯ ላይ ነፋሱ ያለከልካይ ይነፍሳል። ማስቱራ ድንጋዩ ላይ ከቀረው ፑፑር በሦስት ጣቶቿ ጠቀሰችና፣ እጇ አየር ላይ ቆመ። በሕይወቷ ጠይቃ የማታውቀውን ጠየቀች።

«ፀሐዩ ከሯል። ልቀባሽ?»

«ቤት ስንደርስ፣ እማ» አለች ራውዳህ። የገበያው ታንኳዎች፣ የሰፈሩ መሳፈሪያና የሚያውቋት ሰዎች ሁሉ ከፊታቸው ናቸው። ከጀልባው አፍንጫ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። «ትንሽ ልቆይ። ሰው ይየኝ።»

ጋሽ ሻህራኒ ከኋላ ሆኖ ሰማት። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንዲያ ከሆነማ ቀስ ብዬ ልንዳ» አለ፣ እና ሞተሩን ቀነሰው።